«መድኃኒት አለው» ማለትና «መድኃኒቱ ይህ ነው» ማለት



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት የጠየቁኝ ነው። ቀላል መስሎኝ በቆምሁበት መለስሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም።

ቁርኣን ከማስቀራቸው ልጆች መካከል አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ከደርስ በኋላ ኳስ የሚወድ ልጅ ነው። አንድ ሰሞን ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ያመው ጀመር። ቤተሰቡም፣ እኛም፣ እሱ ራሱም «ኳስ ሲጫወት ተመቶ ነው» አልን። ወጌሻ አሸው። ቀን ቀን እያነከሰም ቢሆን ይመጣል፤ ሌሊት ግን ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣው ነበር። እብጠቱ ሲታይ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ራጅ ተነሣ፤ ከአጥንቱም ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። የአጥንት ነቀርሳ ነው ተባለ። ሐኪሞቹ ብርቱ መድኃኒት በደም ሥሩ መውሰድ እንዳለበት፣ እግሩም ሊቆረጥ እንደሚችል ለወላጆቹ ነገሯቸው።

በዚያው ሳምንት አባቱ ከዒሻእ ሰላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠበቁኝ። «ኡስታዝ፣ ጥቁር አዝሙድ ከሞት በስተቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንዳለበት የሚናገረው ሐዲስ ሶሒሕ ነው ወይስ ዶዒፍ?» አሉኝ። «ሶሒሕ ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል» አልኋቸው። ፊታቸው ፈካ። እጄን ጨብጠው ዱዓእ አደረጉልኝና ሄዱ።

ልጁ ወደ ሆስፒታል አልተመለሰም። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከማር ጋር፣ ከአንድ ቅጠል ቀማሚ የተገዛ ዱቄትም ሲወስድ ከረመ። ከአራት ወር በኋላ ሲተነፍስ ይቸገር ጀመር። በሽታው ሳንባው ውስጥ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ እግሩ ተቆረጠ፤ መድኃኒቱም ተጀመረ። ዓመት ሳይሞላው ወደ አኺራ ሄደ። አላህ ይዘንለት፤ ለወላጆቹም ሰብሩን ይስጣቸው።

ውድ አንባቢ ሆይ! በመልሴ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል አልነበረም። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ሆኖም አባትየው የጠየቁኝን መለስሁ እንጂ ሊጠይቁኝ የፈለጉትን አልሰማሁም። የልባቸው ጥያቄ «ልጄን ወደ ሆስፒታል ልመልሰው ወይስ ቤት ላስቀምጠው?» የሚል ነበር። ታዲያ እውነት የተናገረ ሰው፣ እውነቱ ያለ ቦታው ሲያርፍ ይጠየቅበታልን? ዛሬ አብረን እንድናስተውለው የምፈልገው ይህንን ነው።

በዕፅዋት ውስጥ ፈውስ አለን?

በመጀመሪያ ከአንድ ስሕተት እንራቅ። «ቅጠል የድሮ ሰው ነገር ነው፤ ሕክምና ማለት የሆስፒታል መርፌ ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እነዚህ ወንድሞች መርፌው ውስጥ ያለው ከየት እንደመጣ ቢጠይቁ መልካም ነው።

የአጥንት ነቀርሳ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በልጆችና በጎረምሶች ላይ በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ኦስቲዮሳርኮማ፣ ሁለተኛው ዩዊንግ ሳርኮማ ይባላል። ለዩዊንግ ሳርኮማ ከሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች ሁለቱ መሠረታቸው ዕፅዋት ነው። አንዱ ቪንክሪስቲን ሲሆን የሚገኘው መነሻዋ ማዳጋስካር ከሆነችና በብዙ አገሮች ለጌጥ ከምትተከል ሐምራዊ አበባ ነው፤ አትክልተኞች ቪንካ ይሏታል። ሌላው ኤቶፖሳይድ ይባላል፤ እርሱም በሰሜን አሜሪካ ጫካ ከሚበቅል ሜይአፕል የተባለ ተክል ሥር ከተገኘ ንጥረ ነገር ተሻሽሎ የተሠራ ነው።

የቪንካ ታሪክ ለእኛ ብዙ ትምህርት አለው። በጃማይካ ሰዎች ቅጠሏን አፍልተው ለስኳር በሽታ ይጠጡ ነበር። ቅጠሉ ወደ ካናዳ ተልኮ ሮበርት ኖብልና ቻርልስ ቢር የተባሉ ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ ሞከሩት። ስኳርን አልቀነሰም። ነገር ግን የእንስሳቱን ነጭ የደም ሴሎች ክፉኛ አመናመናቸው። ተመራማሪዎቹም «ነጭ የደም ሴልን እንዲህ የሚቀንስ ነገር፣ የደም ሴሎች ያለ ልክ ለሚባዙበት ነቀርሳ አይጠቅምም ወይ?» ብለው አሰቡ። ውጤቱን በ1958 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ፤ ከዚያችው ተክል የወጣው ቪንክሪስቲንም በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። ሥራው እንዲህ ነው፦ አንድ ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል በውስጡ ረቂቅ ክሮች ይዘረጋል፤ መድኃኒቱ ክሮቹ እንዳይሠሩ ያግዳቸዋል፤ ሴሉም መባዛት ተስኖት ይሞታል።

ሱብሓነላህ! ሕዝቡ ቅጠሏ መድኃኒትነት አላት ማለቱ ትክክል ነበር፤ ለምን በሽታ እንደሆነ ግን ተሳስቷል። አላህ ፈውሱን አስቀምጦት ነበር፤ አድራሻውን ለማግኘት ግን ፍለጋና ፈተና ጠየቀ።

የእኛም አገር ዕፅዋት በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላቸው። አሜሪካኖች ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል በፈጀ ትልቅ ፍለጋ ከ30 ሺህ በላይ የዕፅዋት ናሙናዎችን ከዓለም ዙሪያ ሰብስበው ለነቀርሳ ይጠቅሙ እንደሆነ መርምረዋል። ከእነዚህ መካከል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የተወሰደ፣ በአማርኛ አታት ከምንላቸው ቁጥቋጦዎች ወገን የሆነ ተክል ይገኝበታል። በ1972 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ተክል ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር መገኘቱ ተገለጸ። ነቀርሳን በመግደል ረገድ እጅግ ብርቱ ነበር። ነገር ግን ለሰው ሲሰጥ በሽተኛውንም ስለሚመርዝ ተጣለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊቃውንት የነቀርሳውን ሴል ፈልጎ ከሚይዝ ሌላ ነገር ጋር አሠሩትና መርዙ በአብዛኛው እበሽታው ላይ እንዲራገፍ አደረጉት። በዚህ መንገድ የተሠራው መድኃኒት በ2013 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዓይነት የጡት ነቀርሳ ተፈቀደ። ከ1972 እስከ 2013 ስንቆጥር 41 ዓመት ነው። አታትን ከጓሮ ቆርጦ አፍልቶ የጠጣ ሰው ግን ይህን መድኃኒት ጠጣ አይባልም፤ ምናልባት መርዙን ብቻ ጠጥቷል።

ከሳህን ወደ ሰው አካል

አሁን ወደ ጥቁር አዝሙድ እንመለስ። በዘይቱ ውስጥ ታይሞኪኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ተመራማሪዎች በመስታወት ሳህን ውስጥ ያሳደጉአቸውን የኦስቲዮሳርኮማ ሴሎች በታይሞኪኖን ነክረው ሴሎቹ ሲሞቱ አይተዋል፤ በአይጦችም ላይ ሞክረዋል። በእርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ኩርኩሚን የሚባለው፣ በሳህን ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ይህ እውነት ነው፤ ተስፋም የሚሰጥ ነው። ቅጠል ቀማሚዎችም «ሳይንስ አረጋገጠ» ብለው የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው።

ግን እናስተውል። ሳህን ሰው አይደለም። በሳህን ውስጥ ሴሎቹ በንጥረ ነገሩ ይዋጣሉ፤ መሸሻ የላቸውም። ሰው ሲውጠው ግን ሆድ ይፈጨዋል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ያስወጣዋል። በአፍ ከተወሰደ ኩርኩሚን ወደ ደም የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ታይሞኪኖንም ሆነ ኩርኩሚን የአጥንት ነቀርሳ የያዘውን ሰው እንደሚያድን እስከ ዛሬ በሰው ላይ በተደረገ ጥናት አልተረጋገጠም። ነገ በአላህ ፈቃድ ይረጋገጥ ይሆናል። የዛሬ ልጅ ግን በነገ መድኃኒት አይታከምም።

ይህን ያልሁት የፈረንጅ ሳይንስን ለማስበለጥ እንዳይመስላችሁ። በ1037 እ.ኤ.አ. ያረፉት ኢብኑ ሲና በታወቀው የሕክምና መጽሐፋቸው የመድኃኒት ፈተና ሥርዐቶችን ዘርዝረዋል። ከእነዚህ አንዱ ፈተናው በሰው አካል ላይ መደረግ እንዳለበት ነው፤ በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የታየ ነገር በሰው ላይ እንደዚያው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንምና። ከአንደሉስ ተነሥተው አገር ለአገር ዕፅዋት ሲፈልጉ የኖሩት፣ በ1248 እ.ኤ.አ. ደማስቆ ላይ ያረፉት ኢብኑል በይጣርም 1,400 ያህል የመድኃኒትና የምግብ ዓይነቶችን የያዘ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ በዓይናቸው ያዩትንና በሙከራ የተረጋገጠላቸውን ይዘው ሌላውን መተዋቸውን ገልጸዋል። የእኛ ቀደምቶች ለዕፅዋት የነበራቸው ፍቅር ከማጣራት ጋር ነበር።

የፈተናው ውጤት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ኦስቲዮሳርኮማን እንውሰድ። ይህ በሽታ በአብዛኛው አጥንት በፍጥነት በሚያድግበት በጉርምስና ዕድሜ፣ በተለይም በጉልበት አካባቢ ይነሣል። ከ1970ዎቹ በፊት በሠለጠኑት አገሮች እንኳ እግሩ ብቻ ይቆረጥ ነበር፤ ከአሥር ልጆች ስምንት ያህሉ በሽታው ሳንባቸው ላይ ብቅ ብሎ ይሞቱ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ብርቱ መድኃኒት መስጠት ከተጀመረ ወዲህ በእነዚያው አገሮች፣ በሽታው ሳይዛመት ከተደረሰበት፣ ከአሥሩ ስድስት ወይም ሰባት ያህሉ ይድናሉ። መሣሪያው ባለበት ቦታ የብዙዎቹ እግርም ሳይቆረጥ የታመመው አጥንት ብቻ ወጥቶ ይተካል። በሽታው ሳንባ ከገባ በኋላ ግን የሚድኑት ከአሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ሰባትና ሦስትን የሚለያያቸው አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ወራት ናቸው።

ልብ በሉ፤ የኦስቲዮሳርኮማ ዋና መድኃኒቶች ከዕፅዋት የተገኙ አይደሉም። አንዱ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ የሚገኘው በአፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ሌላው ሲስፕላቲን ነው፤ በውስጡ ያለው ፕላቲነም የሚባል ማዕድን ነው። ሦስተኛው ሜቶትሬክሴት በሰው እጅ የተቀመመ ነው። ታዲያ አፈሩ የማን ነው? ማዕድኑስ? የቀማሚውስ አእምሮ? አላህ ፈውስን የፈጠረው በቅጠል ውስጥ ብቻ ነው ያለን ማን ነው?

ምላስ አማና ነው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው፣ መድኃኒቱ በሽታውን ባገኘው ጊዜም በአላህ ፈቃድ ፈውስ እንደሚሆን ማስተማራቸውን ጃቢር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። በዐረብኛው የተነገረው ቃል ፍላጻ ዒላማውን ሲመታ የሚባለው ዓይነት ነው። ፍላጻ መወርወር ብቻውን ዒላማ መምታት አይደለም። በሌላ ዘገባም ያንን መድኃኒት የሚያውቅ እንደሚያውቀው፣ የማያውቅም እንደማያውቀው ተገልጿል። እንግዲህ «መድኃኒት አለው» ማለት እምነት ነው፤ ማንም ሙእሚን ሊለው ይችላል። «የዚህ ልጅ መድኃኒት ይህ ነው» ማለት ግን ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ ዕውቀት ይፈልጋል። እኔ የመጀመሪያውን ተናገርሁ፤ አባትየው ሁለተኛውን ሰሙ። ልዩነቱን ማስረዳት የእኔ ግዴታ ነበር፤ አስተማሪው እኔ ነበርሁና።

ስለ ጥቁር አዝሙድ የተነገረውን ሐዲስ ቀደምት ዑለማእ ሲያብራሩ፣ ብዙዎቹ ቃሉ በጥቅል ቢነገርም ለተወሰኑ የበሽታ ዓይነቶች የሚሆን ነው ብለዋል፤ ሌሎች ደግሞ ለብቻው ሳይሆን ከሌላ ጋር ተቀምሞና በልኩ ሲሰጥ ነው ብለዋል። ማናቸውም ግን አንድን የተለየ በሽተኛ የሐኪም ምክር አስትቶ ጥቁር አዝሙድ ብቻ ይዞ እንዲቀመጥ ለማድረግ ማስረጃ አላደረጉትም።

አንድ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ፤ እኔ ሳስተምረው ብዙ ዓመት ቆይቼ በራሴ ላይ ሲደርስ ነው የገባኝ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት በአንድ ጉዞ ላይ አንድ ሰው ራሱን በድንጋይ ተፈነከተ። ሌሊት ጀናባ ሆነና በውኃ ከመታጠብ ፋንታ ተየሙም ማድረግ ይችል እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውኃ እያለ አይቻልም አሉት። ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ ሰውየውን እነሱ እንደገደሉት፣ ካላወቁ መጠየቅ እንደነበረባቸው፣ የአለማወቅ መድኃኒቱም መጠየቅ መሆኑን ተናገሩ። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ውኃ ባለበት ጀናባ ያለበት ሰው መታጠብ እንዳለበት በጥቅሉ ትክክል ነው። ቁስሉን ግን አላዩትም።

ሌላም አለ። ሕክምና ሳይታወቅለት ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደንግገዋል። አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። በኒያው መልካምነት ነፃ ይሆናል አላሉም። ይህ ቅጠል ቀማሚውን ብቻ የሚመለከት ይመስለናል። ነገር ግን በለቅሶ ቤት፣ በቡና ላይ፣ በሠርግ ቤት «የእገሌ ልጅ በዚህ ቅጠል ዳነ» እያልን ያላየነውን የምንመሰክር ሁላችንንም ሊያስደነግጠን ይገባል።

ተወኩልና መጋዝ

«ግን ተወኩልስ?» ትሉኝ ይሆናል። «በአላህ የተመካ ሰው የልጁን እግር ለመጋዝ ይሰጣልን?»

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ቢጠይቁአቸው፣ ሽሽታቸው ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሆኑን መለሱላቸው። በሽታው ቀደር ከሆነ መድኃኒቱም ቀደር ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ሐኪም ልከውላቸው ሐኪሙ ደም ሥራቸውን ቆርጦ በእሳት ተኩሶላቸዋል።

ስለ እግር ከተነሣ ደግሞ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይርን የሚያህል ምሳሌ የለም። ከመዲና ሰባት ታላላቅ ፉቀሃእ አንዱ ናቸው። ወደ ደማስቆ፣ ወደ ኸሊፋው ወሊድ ሲጓዙ እግራቸው በሚበላ በሽታ ተያዘ። ሐኪሞች ወደ ላይ እንዳይዘልቅ ይቆረጥ አሉ። ተወኩል አለኝ ብለው እምቢ አላሉም፤ እሺ አሉ። የሚያደነዝዝ መጠጥ ሲቀርብላቸው ግን አልፈለጉም፤ በዚክር ላይ እንዳሉ እግራቸው በመጋዝ ተቆረጠ። በዚያው ጉዞ ልጃቸው በእንስሳት ተረግጦ ሞተባቸው። ያን ጊዜም ከተወሰደባቸው ይልቅ የተተወላቸውን እጅ፣ እግርና ልጆች ቆጥረው አላህን አመሰገኑ። እግራቸውን ለመጋዝ የሰጡት ሰው ተወኩላቸው ጎደለ ያለ አንድም ዓሊም አልሰማሁም።

አዋቂ ሰው ስለ ራሱ አካል ሲሆን ዑለማእ የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ታግሦ መተውን የመረጡም አሉ። ልጅ ግን የእኛ ንብረት አይደለም፤ አማና ነው። በግንቦት 1992 እ.ኤ.አ. በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ፣ ሕክምናን መተው ነፍስን ወይም የአካል ክፍልን የሚያሳጣ ከሆነ መታከም ግዴታ እንደሚሆን ወስኗል። የልጅ አሳዳጊ ሥልጣንም ለልጁ ጥቅም ብቻ የተሰጠ በመሆኑ፣ እምቢታው ልጁን በግልጽ የሚጎዳ ሲሆን ተቀባይነት እንደሌለው ገልጿል። በራሳችን አካል የምናደርገውን ሰብር በልጅ አካል ላይ ማድረግ አንችልም።

ይህን ስጽፍ ያንን አባት ለመውቀስ አይደለም። ልጃቸውን ስለወደዱ ነው የፈሩት። እግሩን ሊያተርፉለት ነበር የፈለጉት። ማንኛችንም በቦታቸው ብንሆን «እግር ሳይቆረጥ ይድናል» የሚል ድምፅ እንሰማ ነበር።

«ቢሆን ኖሮ» ስለማለት

ሌሊት ሌሊት ወደ ልቤ የሚመጣ ሐሳብ አለ። ያን ዕለት ሌላ ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ልጁ ይኖር ነበርን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» ማለት ለሸይጧን በር እንደሚከፍት አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ አልለውም። አጀሉ በአላህ እጅ ነበር፤ ታክሞም ሊሞት ይችል ነበር፤ ከአሥሩ ሦስቱ ታክመውም ይሞታሉና።

ነገር ግን ቀደርን ለጥፋታችን መሸፈኛ ማድረግም አይቻልም። ያለፈውን ለአላህ እንተዋለን፤ ለተናገርነው ቃል ግን ተውበት እንገባለን። የልጁ አጀል የእኔ ሥራ አልነበረም፤ ምላሴ ግን የእኔ ነበረች። ቂያማ ቀን ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ አማናው እጠየቃለሁ። የተውበቴ አንዱ ክፍል ይህን መጻፌ ነው።

ምን እናድርግ?

ውድ ወላጆች! ልጃችሁ እግሩን ወይም ክንዱን ከአንድ ቦታ ላይ ለሳምንታት ካመመው፣ በተለይ ሌሊት የሚቀሰቅሰው ከሆነ ወይም እብጠት ከታየ፣ «በኳስ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ምንነቱ ሳይታወቅ አይታሽ። ራጅ ይነሣ።

በሽታው ከታወቀ በኋላ ዱዓእና ሩቅያ፣ ሶደቃም አይቋረጡ፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚጣሉ አይደሉም። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ማር ወይም ሌላ ቅጠል መስጠት ከፈለጋችሁ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት። በጉበትና በኩላሊት የሚያልፉ ብርቱ መድኃኒቶች ባሉበት፣ አንድ ያልታወቀ ዱቄት መድኃኒቱን ሊያሰናክል ወይም መርዙን ሊያብስ ይችላል። ቪንክሪስቲንን አስቡት፤ በደም ሥር ሲገባ ፈውስ ነው፣ በስሕተት በጀርባ አከርካሪ ውስጥ ቢወጋ ግን ይገድላል። ዕቃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ዕውቀት ነው።

ሐኪሞች መዳን እንደማይቻል ሲናገሩና ሕክምናው ስቃይን ብቻ የሚጨምር ሲሆን ደግሞ ማቆም ተስፋ መቁረጥ አይደለም። ሕመሙን ማስታገስ፣ አብሮ መቀመጥ፣ ሸሃዳውን ማስታወስ ያን ጊዜ ትልቁ ሕክምና ነው።

ለጀማዓችንም አንድ ቃል አለኝ። ያ አባት ወደ ሆስፒታል ያልተመለሱት ስለ ሐዲሱ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም፣ ማረፊያም አልነበራቸውም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ አልጠየቅኋቸውም ነበርና። በአገራችን ለረዥም ዘመን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ በሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ቢሆንም ከገጠር ልጅ ይዞ መጥቶ ወራት መቀመጥ ለድኃ ቀላል አይደለም። «ሂድ ታከም» ብሎ ማሰናበት ይበቃልን? ዘካችንና ሶደቃችን፣ ትርፍ ክፍላችንም እዚህ ላይ ይታይ።

ልጆቻችሁን ደግሞ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በርትተው እንዲማሩ አድርጓቸው። ኢማም ገዛሊ ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረው፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲሮጥ ከተማው ሙስሊም ሐኪም ማጣቱን በምሬት ጽፈዋል። በአታት ውስጥ ያለውን ነገር ያወጡት ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ናቸው። ጥቁር አዝሙድ ለአጥንት ነቀርሳ ይበጅ ወይም አይበጅ እንደሆነ ፈትኖ የሚነግረን ከእናንተ ልጆች አንዱ ቢሆን ምንኛ ባማረ! ያን ጊዜ «መድኃኒቱ ይህ ነው» ማለት ምስክርነት ይሆናል።

ዛሬ ያ አባት መስጂድ በር ላይ ቢጠብቁኝ የምመልስላቸው ይህን ነው፦ «ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። የልጅዎን እግር ያየው ግን ሐኪሙ ነው። ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ።»

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይማርልን፤ ያለፉትን ይዘንላቸው፤ ምላሳችንንም ከማናውቀው ነገር ይጠብቅልን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።